160 ኤከር እና አንድ ቤተሰብ፦ ስዊድናውያን በአሜሪካ ሜዳ ላይ ጎጆ የወጡበት መንገድ

አሜሪካ ድሮ ለመጣ ሁሉ መሬት በነፃ ታድል ነበር ሲባል ሳትሰሙ አትቀሩም። ወሬው ከእውነት የራቀ አይደለም። ግን የሚነገረው ግማሹ ነው። ሕጉ መሬቱን የሚሰጠው ለአንድ ሰው ነበር። ያንን ሕግ ፈጽሞ የባለቤትነት ካርታውን እጅ ለማስገባት ግን አንድ ሰው በጭራሽ አይበቃም። ሚስት ያስፈልጋል፣ ልጆች ያስፈልጋሉ፣ ቀድሞ የሄደ ወንድም ያስፈልጋል፣ ደቦ የሚወጣ ጎረቤት ያስፈልጋል። ይህን አጥርቶ ከሚያሳዩት ታሪኮች አንዱ የስዊድን ገበሬዎች ታሪክ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ከአገር ያስወጣቸው ምን ነበር?

ስዊድን በ1800ዎቹ አጋማሽ ድሃ የገበሬ አገር ነበረች። በ1750 ገደማ ሕዝቧ 1.8 ሚሊዮን ያህል ነበር። በ1850 ወደ 3.5 ሚሊዮን ደረሰ። ጦርነት ቀረ፣ የፈንጣጣ ክትባት መጣ፣ ድንች ተስፋፋ። በፊት በሕፃንነታቸው ይሞቱ የነበሩ ልጆች ማደግ ጀመሩ። መሬቱ ግን ያው ነው። አባት ለልጆቹ ሲያካፍል፣ ልጆቹ ደግሞ ለልጆቻቸው ሲያካፍሉ፣ የአንዱ ድርሻ ቤተሰብ የማይመግብ ቁራሽ ሆነ። ድርሻ ያልደረሰው የሰው መሬት ላይ ጭሰኛ ይሆናል፣ ወይም በዓመት ቅጥር ሰው ቤት ያድራል። ስሞላንድ በሚባለው የደቡብ ግዛት ደግሞ አፈሩ ድንጋይ ነው። ገበሬው ከማሳው ድንጋይ ሲለቅም ዕድሜውን ይፈጃል።

ከዚያ ረሃቡ መጣ። በ1867 ክረምቱ አልወጣ አለ። በሰሜን አንዳንድ ሐይቆች ላይ በረዶው እስከ ጁን ድረስ አልቀለጠም። በቀጣዩ ዓመት 1868 ደግሞ ድርቅ ሆነ። ሰው ከዛፍ ቅርፊትና ከሣር ጋር የተደባለቀ ዳቦ በላ። በብዛት መሰደድ የተጀመረው ያኔ ነው። እስከ 1930 ድረስ ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ስዊድናውያን ወደ ሰሜን አሜሪካ ሄዱ። ከእነዚህ ውስጥ አምስት አንድ የሚሆኑት ተመልሰዋል።

ረሃብ ብቻውን ግን ሰውን ወደ ሚኒሶታ አያደርስም። መንገዱን የሚያሳይ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ቤተ ክርስቲያን ሳታስበው ትልቅ ሥራ ሠርታለች። የስዊድን ቄሶች በየዓመቱ ምእመኑን ሰብስበው ሃይማኖታዊ መጽሐፍ ያስነብቡና ይጠይቁ፣ ውጤቱንም በመዝገብ ያሰፍሩ ነበር። በዚህ ምክንያት ድሃው ገበሬ ሁሉ ማንበብ ይችል ነበር። ስለዚህ ከአሜሪካ ደብዳቤ ሲመጣ መንደሩ ተሰብስቦ ያነበዋል፣ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። «ዋጋው ይህን ያህል፣ መሬቱ ጥቁር አፈር፣ ድንጋይ የለም፣ ማንም ፊት ባርኔጣ አይወለቅም።» እንዲህ ያሉ ወሬዎች ከየትኛውም ማስታወቂያ ይልቅ ይታመኑ ነበር።

ደብዳቤው ውስጥ አንዳንዴ ተከፍሎበት ያለቀ የመርከብ ትኬት ይገኛል። አንድ ወንድም ይሄዳል፣ ሠርቶ ለሌላው ይልካል፣ እሱ ደግሞ ለእህቱ። በየትኛውም ዘመን የተሰደደ ቤተሰብ ይህን ሰንሰለት ያውቀዋል።

ጉዞው በሸራ መርከብ ዘመን ሁለት ወር ሊፈጅ ይችል ነበር። እንፋሎት ሲመጣ አጠረ። ከጎተንበርግ ወደ እንግሊዟ ሀል ወደብ፣ ከዚያ በባቡር ሊቨርፑል፣ ከሊቨርፑል ኒው ዮርክ። እስከ 1890 ድረስ የሚገቡት ካስል ጋርደን በሚባለው የኒው ዮርክ የስደተኞች መቀበያ በኩል ነበር። ከዚያ እንደገና ባቡር፣ ወደ ቺካጎ።

ሕጉ ምን ይላል?

ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን ሜይ 20 ቀን 1862 የፈረሙት ሕግ፣ «ሆምስቴድ አክት» የሚባለው፣ በሥራ ላይ የዋለው ጃንዋሪ 1 ቀን 1863 ነው። ዕድሜው 21 የሞላ ወይም የቤተሰብ ኃላፊ የሆነ ሰው እስከ 160 ኤከር የመንግሥት መሬት መያዝ ይችላል። ይህ 65 ሄክታር ገደማ ነው። በድሮው የእኛ ልኬት አንድ ጋሻ ተኩል ቢባል ብዙ አይርቅም። ስሞላንድ ውስጥ ጭሰኛ ለነበረ ሰው ይህን መስማት ምን ማለት እንደነበር አስቡት።

የውጭ አገር ሰው ዜጋ እስኪሆን መጠበቅ አይገደድም። ዜጋ የመሆን ሐሳብ እንዳለው በፍርድ ቤት ፈርሞ ማስታወቅ ይበቃዋል። በዚያ ወረቀት ላይ ለስዊድንና ለኖርዌይ ንጉሥ የነበረውን ታማኝነት እንደሚተው ይገልጻል። ካርታውን የሚወስደው ግን ዜግነቱን ሲጨርስ ነው።

ከዚያ ግዴታው ይመጣል። አምስት ዓመት መሬቱ ላይ መኖር፣ ቤት መሥራት፣ ማረስ። ጊዜው ሲሞላ ሁለት ምስክሮች ይዞ የመሬት ጽሕፈት ቤት ይቀርባል። ቤቱ ምን ያህል ነው? ስንት ኤከር ታረሰ? ቤተሰቡ እዚያው ኖሯል ወይ? ይጠየቃል፣ ይመዘገባል። ክፍያው በድምሩ 18 ዶላር ገደማ ነው። አምስት ዓመት መጠበቅ ያልፈለገ ከስድስት ወር በኋላ ኤከሩን በ1.25 ዶላር ሒሳብ ከፍሎ መግዛት ይችል ነበር።

«ነፃ» የሚለው ቃል የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው። ጥማድ በሬ፣ ጋሪ፣ የብረት ማረሻ፣ ዘር፣ ላም፣ የመጀመሪያው መኸር እስኪደርስ የሚበላ ቀለብ፣ ይህ ሁሉ ሲደመር በርካታ መቶ ዶላር ነው። ባዶ እጁን የመጣ ሰው ከየት ያመጣዋል? መልሱ ወደ ቤተሰቡ ይመልሰናል።

ሌላም ነገር አለ። ጥሩው መሬት ሁሉ ለሕጉ ክፍት አልነበረም። መንግሥት ሐዲድ ለሚዘረጉ ኩባንያዎች በመንገዳቸው ግራና ቀኝ አንዱን ቁራሽ ዘሎ አንዱን እየሰጠ ሰፊ መሬት አድሏቸዋል። በሐዲዱ አቅራቢያ በነፃ የሚያዘው የመንግሥት መሬት ደግሞ እስከ 1879 ድረስ 80 ኤከር ብቻ ነበር። ለገበያ ቅርብ የሆነ መሬት የፈለገ ከባቡር ኩባንያው በዱቤ ይገዛል። ኩባንያዎቹም ገዢ ፍለጋ እስከ ስዊድን ድረስ ወኪል ይልኩ ነበር። ሀንስ ማትሰን የተባለው ስዊድናዊ ስደተኛ በዚህ ሥራ ታዋቂ ነበር፤ በኋላም የሚኒሶታ ግዛት ዋና ጸሐፊ ሆኗል።

ካንሳስ ውስጥ ያለችው ሊንድስቦርግ የተቆረቆረችውም በእንዲህ ያለ ግዢ ነው። በ1868 ቺካጎ ላይ የተቋቋመ የስዊድናውያን የእርሻ ማኅበር ከባቡር ኩባንያ መሬት ገዛ። በ1869 ቄስ ኦሎፍ ኦልሶን ከስዊድኗ የቨርምላንድ ግዛት ምእመኖቻቸውን ይዘው መጡ። መንደሩ ከነቄሱ ተነቅሎ መጣ ማለት ይቻላል።

ቤት ከምን ይሠራል?

ሚኒሶታ የደረሱት ዕድለኞች ነበሩ። በቺሳጎ አካባቢ ደንም ሐይቅም አለ፣ መልኩ የተዉትን አገር ይመስላል። ግንድ አጋድሞ ጥጉን እየቆለፉ ቤት መሥራት ደግሞ ከአባቶቻቸው የወረሱት ሙያ ነው። ካንሳስና ነብራስካ የገቡት ግን ዛፍ የሚባል አላገኙም። ዐይን እስኪታክተው ሣር ነው።

ስለዚህ ቤቱን ከሣሩ ሠሩት። የዚያ ሜዳ ሣር ሥሩ ጥልቅና እርስ በርሱ የተቆላለፈ ነው። በማረሻ ሲገፈፍ አፈሩን ይዞ እንደ ምንጣፍ ይነሣል። ያንን ክንድ በሚያህል ርዝመት እየቆረጡ፣ ሣሩን ወደታች አድርገው እንደ ጡብ ይደረድሩታል። ግድግዳው ውፍረቱ ግማሽ ሜትር አልፎ እስከ አንድ ሜትር ይጠጋል። አንዳንዱ የመጀመሪያውን ክረምት ያሳለፈው የጉብታ ጎን ቆፍሮ ነው።

ቤቱ በበጋ ይቀዘቅዛል፣ በክረምት ይሞቃል። ይህ እውነት ነው። ግን ዝናብ ሲመጣ ጣሪያው ያፈሳል። ውጭ ካባራ በኋላም ውስጡ ጭቃ ያንጠባጥባል። እባብና አይጥ ከግድግዳው ይወጣሉ። እናቶች አፈሩ ምግብ ላይ እንዳይወድቅ ከጣሪያው ሥር አቡጀዲ ይወጥሩ፣ ግድግዳውን ኖራ ይቀቡ ነበር። ማገዶ ስለሌለ የጎሽና የከብት ኩበት ይለቀማል፣ ሣር እየተገመደ ይነዳል። ኩበት ለቀማ የልጆች ሥራ ነው።

ቡናስ? ስዊድናውያን ቡና አጥብቀው ይወዱ ነበር። ገንዘብ ሲያልቅ ገብስ ቆልተው እንደ ቡና አፍልተው ይጠጡ ነበር። ለቡና ሱሰኛ ይህ እንዴት ያለ ችግር እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም።

የማን ጉልበት?

ከላይ «ገንዘቡ ከየት ይመጣል?» ብዬ ነበር። በብዙ ቤት የሆነው እንዲህ ነው። አባት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አብዛኛውን ጊዜ መሬቱ ላይ የለም። ሐዲድ ሥራ ይሄዳል፣ በክረምት ግንድ ቆረጣ ይሄዳል፣ በመከር ለሌላ ገበሬ ያጭዳል። ደመወዙ በሬ ይሆናል፣ ማረሻ ይሆናል። ሕጉ ግን መሬቱ ላይ ተኑሮ መገኘት አለበት ይላል። ታዲያ ማን ኖረ? እናት ናት ከልጆቿ ጋር። የቅርብ ጎረቤት ኪሎ ሜትሮች ርቆ፣ ቋንቋውን ሳታውቅ፣ ላሟን እያለበች፣ አትክልቱን እየተከለች፣ ቀበሌው ውስጥ አዋላጅ ሳይኖር እየወለደች የአምስት ዓመቱን ግዴታ የያዘችው እሷ ነች። እኔ ይህን ታሪክ ሳነብ ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ይኸው ነው። መዝገቡ ላይ የሚነበበው ስም የባልየው ነው።

ያገባች ሴት፣ ባሏ ጥሏት ካልሄደ በቀር፣ በራሷ ስም መሬት መያዝ አትችልም ነበር። 21 የሞላት ያላገባች ሴትና ባሏ የሞተባት ሴት ግን ይችላሉ። ባል አምስት ዓመቱ ሳይሞላ ቢሞት ሚስቱ ጀምሮ የተወውን ጨርሳ ካርታውን መውሰድ ትችላለች። ስለዚህ ለአካለ መጠን የደረሱ እህትና ወንድም ጎን ለጎን እየያዙ፣ የቤተሰቡን ይዞታ የሚያሰፉበት መንገድ ነበር።

የሥራ ክፍፍሉም ቀስ እያለ ተለወጠ። በስዊድን ላም ማለብ የሴት ሥራ ነው፤ ወንድ ካለበ ያፍራል። አሜሪካ ሲገቡ ጎረቤቶቻቸው ወንድ ሲያልብ አዩ። አሜሪካውያኑ ደግሞ በተራቸው የስዊድን ሴቶች ማሳ ገብተው ሲያጭዱ አይተው ይገረሙ ነበር። ከጊዜ በኋላ ማለቡ ወደ ወንዶቹ፣ ሴቶቹም ወደ ቤትና ወደ ጓሮ እያዘነበሉ ሄዱ።

ሴት ልጆች ለአቅመ ሥራ ሲደርሱ ብዙዎቹ ወደ ሚኒያፖሊስና ቺካጎ ሄደው በሰው ቤት ይቀጠሩ ነበር። ከደመወዛቸው ለወላጆቻቸው ይልካሉ፣ ለእህት ትኬት ይገዛሉ። እንግሊዝኛውንም፣ የከተማውንም ወግ ቀድመው የለመዱት እነሱ ናቸው። ሚኒያፖሊስ ውስጥ ሴዳር-ሪቨርሳይድ የሚባለው ሰፈር በዚያ ዘመን የስካንዲኔቪያ ሠራተኞች ሰፈር ነበር። ዛሬ ከሶማሊያና ከኢትዮጵያ የመጡ ብዙ ቤተሰቦች ይኖሩበታል።

የሜዳው ፈተና

ድንግሉን መሬት መጀመሪያ መገልበጥ ብርቱ ሥራ ነው። ብዙ ጥማድ በሬ ይፈልጋል፣ አንድ ገበሬ ደግሞ አንድ ጥማድ ካለው ጥሩ ነው። ስለዚህ ያዋጣሉ። የአንድ ወንዝ ልጆች ጎን ለጎን የሰፈሩት ለናፍቆት ብቻ ብለው አይደለም፤ ብቻውን የሰፈረ አያልፍለትም ነበር።

በ1873 አንበጣ ሚኒሶታን ወረረ። እስከ 1877 ድረስ እየተመላለሰ አወደመ። በ1874 ካንሳስና ነብራስካ ላይ ወረደ። ሰብሉን ጨርሶ የተሰጣውን ልብስ፣ የእርሻ መሣሪያ እጀታውን ሳይቀር ያኝክ ነበር። የሚኒሶታው ገዥ ጆን ፒልስበሪ ኤፕሪል 26 ቀን 1877 የጸሎት ቀን እንዲሆን አወጁ። አንበጣው በዚያ ዓመት ሄደ። ያ የአንበጣ ዝርያ ከጥቂት አሥርት ዓመታት በኋላ ከምድር ጠፋ።

ጃንዋሪ 12 ቀን 1888 ደግሞ ጠዋቱ ሞቅ ያለ ነበር። ልጆች ቀለል ያለ ልብስ ለብሰው ትምህርት ቤት ሄዱ። ቀን ላይ የበረዶ ማዕበል በድንገት መጣ። በዳኮታና በነብራስካ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነሱ መካከል ብዙዎቹ ከትምህርት ቤት ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የነበሩ ልጆች ናቸው።

ሁሉም አልቻለም። ብዙዎች አምስት ዓመቱን ሳይሞሉ መሬቱን ትተው ሄደዋል። ሕጉ በቆየበት ዘመን ሁሉ ካርታቸውን እጃቸው ያስገቡት 1.6 ሚሊዮን ያህል ናቸው።

መሬቱ የማን ነበር?

ይህን ሳይናገሩ ማለፍ ልክ አይመስለኝም። ሜዳው ባዶ አልነበረም። በ1851 በተፈረሙ ውሎች፣ ከአገሩ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነው የዳኮታ ሕዝብ በደቡብ ሚኒሶታ የነበረውን አብዛኛውን አገሩን አጣ። በምትኩ የተገባለት ገንዘብና ቀለብ ዘገየ፣ ጎደለ። በ1862 ክረምቱን በረሃብ ያሳለፉት ዳኮታዎች ኦገስት ላይ ተነሡ። ሕጉ የወጣበት ዓመት መሆኑን ልብ በሉ። በካንዲዮሃይ አካባቢ የሰፈሩ የስዊድን ቤተሰቦች ከነልጆቻቸው ተገደሉ። ጦርነቱ ሲያበቃ ዲሴምበር 26 ላይ ማንካቶ ከተማ ውስጥ 38 የዳኮታ ሰዎች በአንድ ጊዜ ተሰቀሉ። በ1863 የዳኮታ ሕዝብ ከሚኒሶታ እንዲባረር ተወሰነ። በካንሳስ ስሙ ለግዛቱ መጠሪያ የሆነው የካንሳ ሕዝብ በ1873 ከአገሩ ወጣ።

ከስሞላንድ የተነሣው ጭሰኛ ይህን ውል አልጻፈም፣ አብዛኛውን ጊዜም አያውቀውም። ረሃብ ነው ያባረረው። ግን ለእሱ መሬት የሆነለት ሌላው ስለተነቀለ ነው። ሁለቱንም አብሮ መያዝ ይከብዳል። አንዱን ጥሎ ሌላውን ብቻ መናገር ግን ታሪኩን ማጉደል ነው።

ልጆቹ ምን ሆኑ?

ከቤት ቀጥሎ የሚሠራው ቤተ ክርስቲያን ነበር። በ1860 የተመሠረተው የአውጉስታና ሲኖድ የስዊድን ሉተራውያንን አጥቢያዎች አሰባሰበ። ሊንድስቦርግ ላይ ቄስ ካርል ስዌንሰን በ1881 ኮሌጅ ከፈቱ። ከተማይቱ ከተቆረቆረች ገና 12 ዓመቷ ነው። ሰዎች ራሳቸው ገና በሣር ቤት እየኖሩ ልጅ ማስተማሪያ ያዋጡ ነበር።

ልጆቹ በመንግሥት ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ይማራሉ፣ በበጋ ዕረፍት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስዊድንኛ። ሱቅ ሲኬድ፣ የመሬት ጽሕፈት ቤት ሲኬድ አስተርጓሚው የስምንት ዓመት ልጅ ነው። ይህ ለወላጅም ለልጅም ቀላል አይደለም። አባት በልጁ አፍ ሲናገር በቤቱ ውስጥ ያለው ሥልጣን ይናጋል። የቀድሞ ደብዳቤዎች ላይ ይህ ቅሬታ ተደጋግሞ ይታያል። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ነገሩን አፋጠነው። በ1918 የአይዋ ገዥ በአደባባይ፣ በትምህርት ቤት፣ በስልክና በቤተ ክርስቲያን ሳይቀር ከእንግሊዝኛ ሌላ ቋንቋ እንዳይነገር አዘዙ። በ1920ዎቹ አብዛኞቹ አጥቢያዎች ቅዳሴውንም ስብከቱንም ወደ እንግሊዝኛ አዞሩ።

መሬቱስ? ወንድ ልጆች 21 ሲሞላቸው የቻለ ጎን ላይ ይይዛል፣ ያልቻለ ወደ ምዕራብ ይገፋል። እርሻው ላይ የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ነው። ወላጆች ሲያረጁ ከአገራቸው ያመጡትን ልማድ ይጠቀሙ ነበር። እርሻውን ለሚቀረው ልጅ ያስረክባሉ፣ እሱ ደግሞ በጽሑፍ ይዋዋላል። የሚኖሩበት ክፍል፣ በዓመት የሚሰጣቸው ዱቄት፣ ወተት የምትሰጣቸው ላም፣ የሚቀርብላቸው ማገዶ፣ ሁሉም በውሉ ይዘረዘራል። ባልየው ቀድሞ ቢሞትም ውሉ ለሚስቱ እስከ ዕለተ ሞቷ ይጸና ነበር።